በልጆች የዋና ፈተና የትኛው የአዋዋን ስልት ተቀባይነት አለው?

ጥያቄዎን በአጭሩ ላስቀምጠው። በአንድ የወጣቶች ካምፕ በበጎ ፈቃድ የዋና ፈታኝ ሆነው ተመድበዋል፤ ራስዎ በደንብ ይዋኛሉ እንጂ የአሠልጣኝነት ትምህርት አልወሰዱም። በእጅዎ ያለው የፈተና ወረቀት ልጁ የተወሰነውን ርቀት «ተቀባይነት ባለው ስልት፣ በጠንካራ ሁኔታ» እንዲዋኝ ይጠይቃል፤ ተቀባይነት ያለው የትኛው እንደሆነ ግን ብዙም አያብራራም። ሦስት ልጆች ከሌላው ፈታኝ ጋር አከራክረዋችኋል። የመጀመሪያዋ ልጅ ርቀቱን በደረት ዋና ጨርሳለች፤ ነገር ግን ጭንቅላቷን አንዴም ውሃ ውስጥ አላስገባችም፣ አንድ እግሯም ከሌላው ጋር ሳይመሳሰል ወደ ውስጥ ይታጠፍ ነበር። ሁለተኛው ልጅ ርቀቱን በሙሉ በውሻ ዋና፣ ያውም ፈጠን ብሎና ሳይቆም ሸፍኗል። ሦስተኛው በፍሪስታይል ከሁሉም ቀድሞ ደርሷል፤ ሆኖም የዋኘው ትንፋሹን ይዞ ነው፣ ባለቀበት ቁጥርም ቆም እያለ ጭንቅላቱን አውጥቶ አየር ከሳበ በኋላ ነው የቀጠለው። ባልደረባዎ የመጀመሪያዋን ጥለው ሦስተኛውን አሳልፈዋል፤ ለእርስዎ ደግሞ ተቃራኒው ታይቶዎታል።

አስቀድሜ ልመልስና ወደ ምክንያቱ ልሂድ። የመጀመሪያዋን ልጅ አሳልፋታለሁ። ሁለተኛውን ለጥልቅ ውሃ አላሳልፈውም፤ ዝቅ ባለው ደረጃ ግን ያለ ጥርጥር ያልፋል። ሦስተኛውን ባያችሁት ዋና ብቻ አላሳልፈውም፤ ካረፈ በኋላ ቀስ ብሎ ደግሞ እንዲዋኝ አደርጋለሁ። ከሦስቱ ለዓይን የሚያምረው የሦስተኛው አዋዋን ስለሆነ ውሳኔዬ የተገለበጠ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ።

አለመግባባታችሁ የመነጨው ከስልቶቹ ሳይሆን ፈተናው ምን እንደሚለካ ካለመስማማት ይመስለኛል። የልጆች የዋና ፈተና የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ልጅ ቁመቱን በሚያልፍ ውሃ ውስጥ እያለ ያልጠበቀው ነገር ቢገጥመው፣ ቢደክመው ወይም ቢደነግጥ፣ ሰው እስኪደርስለት አለዚያም ራሱ ዳር እስኪወጣ ድረስ አፍና አፍንጫውን ከውሃ በላይ አድርጎ ለመቆየት የሚበቃ ትርፍ አቅም አለው ወይ? የተባለውን ርቀት መጨረሱ ለዚህ አንድ ማስረጃ ነው እንጂ ራሱ ግቡ አይደለም። ርቀቱ ሲያልቅ አቅሙም አብሮ ያለቀበት ልጅ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሟልቷል፤ ጥያቄውን ግን አልመለሰም።

የውድድር ዳኝነት ሌላ ሥራ ነው። እስከ 2022 መጨረሻ ፊና ይባል የነበረው የዓለም የዋና ፌዴሬሽን፣ ወርልድ አኳቲክስ፣ ባወጣው ደንብ መሠረት በደረት ዋና ሁለቱ እግሮች እኩል፣ በአንድ ጊዜ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ እግሩን እንደ መቀስ እያፈራረቀ የሚመታ ዋናተኛ ይሰረዛል፤ በመዞሪያውና በመጨረሻውም ግድግዳውን በሁለት እጁ በአንድ ጊዜ መንካት ይኖርበታል። እነዚህ ደንቦች የወጡት በጎን መስመር የሚዋኘው ተወዳዳሪ እንዳይበደል ነው። በእናንተ ገንዳ ውስጥ የሚበደል ተወዳዳሪ የለም። በስህተት ያሳለፋችሁት ልጅ ግን ነገ ከማንም ጎን ሳይሆን ከጥልቅ ውሃ ጋር ብቻውን ሊገናኝ ይችላል። ስለዚህም በውድድር ያደጉ ፈታኞች፣ በሌላው ሁሉ ምስጉን ቢሆኑም፣ እዚህ ላይ በሁለት አቅጣጫ ሲስቱ አያለሁ፤ እግሯ የጠመመባትን ልጅ ይጥላሉ፣ ፈጣኑን ደግሞ ትንፋሹን ሳይመለከቱ ያሳልፋሉ።

የታወቁ ፈተናዎች ምን እንደሚጠይቁ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ የስካውት ድርጅት የ«ዋናተኛ» ደረጃ ፈተና ልጁ ቁመቱን በሚያልፍ ውሃ ውስጥ በእግሩ ዘልሎ ይገባል፤ ከዚያ ሰውነቱን አስተካክሎ 75 ያርድ፣ ማለትም 69 ሜትር ገደማ፣ በጎን ዋና፣ በደረት ዋና፣ በትረጅን (ከታች አብራራዋለሁ) ወይም በክራውል፣ ማለትም በተለምዶ ፍሪስታይል በሚባለው፣ በጠንካራ ሁኔታ ይዋኛል፤ ቀጥሎ 25 ያርድ በሚያሳርፍ የጀርባ ዋና ይሄዳል። መቶው ያርድ ሳይቋረጥ በአንድ ዋና መጠናቀቅ፣ ቢያንስ አንድ ድንገት የሚታጠፍ መዞሪያም ሊኖረው ይገባል፤ በመጨረሻም ልጁ ተንሳፎ ያርፋል። የውሻ ዋና እንዲሁም እየተቋረጠ እየተጀመረ የሚሄድ አዋዋን በቂ እንዳልሆነ፣ ውሃ ስር ጠልቆ መዋኘትም እንደማይፈቀድ የፈተናው ማብራሪያ ይናገራል። በስዊድን መዋኘት ይችላል የሚባለው ሰው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ወድቆ ጭንቅላቱ ከሰጠመ በኋላ ወደ ላይ ወጥቶ 200 ሜትር፣ ከዚያም ውስጥ 50 ሜትሩን በጀርባው የሚዋኝ ነው። ጀርመኖች ከ2020 ጀምሮ ባሻሻሉት የነሐስ ደረጃ ልጁ 15 ደቂቃ ሳያቋርጥ ዋኝቶ ቢያንስ 200 ሜትር እንዲሸፍን ይፈልጋሉ፤ 150ውን በሆዱ ወይም በጀርባው ተኝቶ ተለይቶ በሚታወቅ ስልት፣ 50ውን በተቃራኒው አኳኋን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥም ምንም ነገር ሳይዝ። የእንግሊዝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ግብ ደግሞ አጠር ያለ ነው፤ ቢያንስ 25 ሜትር፣ የተለያዩ ስልቶችን በአግባቡ መጠቀም፣ ራስንም ከአደጋ ማውጣት።

እነዚህ ፈተናዎች በርቀት ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ስልቶችን በስም ይዘረዝራል፣ አንዳንዱ ተለይቶ የሚታወቅ ይሁን ብሎ ያልፋል። የእግር ጣት ወዴት እንደሚያይ ግን አንዳቸውም አይጠይቁም። ረዘም ባሉት ፈተናዎች ዘንድ በጀርባ መሄድ ግዴታ የሆነውም በአጋጣሚ አይደለም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የያዛችሁት ወረቀት ስልቶችን በስም ዘርዝሮ ሌላውን ከዘጋ፣ ፈታኙ ከራሱ ኪስ ስልት አይጨምርም። የእናንተ ሥልጣን ልጁ ያሳየው አዋዋን ከተዘረዘሩት በአንዱ ስም ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን መወሰን ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሰፊ ቦታ አለ።

አሁን ገንዳው ዳር ቆመን ምን እንደምንመለከት ልናገር። እኔ በመጀመሪያ የማየው እጅና እግሩን ሳይሆን አፉን ነው። ፊቱን ውሃ ውስጥ የሚያስገባ ልጅ ከሆነ አረፋ ይወጣል ወይ? አረፋ ከታየ ልጁ ውሃ ውስጥ እያወጣ፣ ከውሃ በላይ እየሳበ ነው፤ እንዲህ የሚተነፍስ ልጅ ረጅም ርቀት ይሄዳል። አረፋ ከሌለና ጭንቅላቱ ሲወጣ ማውጣትም መሳብም በአንዲት ቅጽበት የሚሞክር ከሆነ፣ ሳንባው ውስጥ የቆየው አየር ሳይወጣ ትንሽ ብቻ ይጨምርበታል፤ ከጥቂት ቀዘፋ በኋላ ቁና ቁና መተንፈሱ አይቀርም። ቀጥሎ ዳሌውን አያለሁ። ዳሌው ከውሃው ወለል አጠገብ ከሆነ ሰውነቱ ተኝቷል፤ እየወረደ ከመጣ ግን እያንዳንዱ ቀዘፋ ግማሹ ወደፊት ለመሄድ ሳይሆን እንዳይሰጥም ለመያዝ ይውላል። ሦስተኛው፣ በቀዘፋና በቀዘፋ መካከል የሚንሸራተትባት ጊዜ አለች ወይ የሚለው ነው። ያች ጊዜ ልጁ ሳይለፋ የሚሄድባት ናት፤ ዕረፍቱም እሷው ናት።

እነዚህን በመጀመሪያው ዙር አይታችሁ አትፍረዱ። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ልጅ ያምራል። የመጀመሪያውን ዙር ቀዘፋ በልባችሁ ቁጠሩና ከመጨረሻው ዙር ጋር አነጻጽሩት። ለምሳሌ በመጀመሪያው 22 ጊዜ ቀዝፎ የደረሰ ልጅ በመጨረሻው 24 ወይም 25 ቢያስፈልገው ተፈጥሯዊ ድካም ነው፤ 35 ካስፈለገው ግን እጁ እየፈጠነ መንገዱ እያጠረ ነው፣ ሰውነቱም አብሮ ወደ ታች እየቆመ መጥቷል ማለት ነው። አቅም ሲያልቅ የሚታየው ይህ ነው፤ ቀዘፋው ይበዛል፣ በአንድ ቀዘፋ የሚሄደው ያንሳል፣ አግድም የነበረው ሰውነት ቀስ በቀስ ቀጥ ይላል። አሜሪካዊው የነፍስ አድን ሠራተኛ ፍራንክ ፒያ የሚሰጥሙ ሰዎችን አኳኋን ተመልክቶ እንደገለጸው በመስጠም ላይ ያለ ሰው ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይጋደላል፣ አፉ በውሃው ልክ እየወጣ እየገባ ይሆናል፣ እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል፣ አይጮህም፤ እንዲህ ሆኖ የሚቆየውም ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በማንኛውም ስልት ላይ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ አዋዋን ሲደክም ወደ ምን ይለወጣል? ወደ መንሸራተትና ወደ መንሳፈፍ ከሆነ ደህና ነው፤ ወደዚያ ቀጥ ያለ አቋቋም ከሆነ ግን ስሙ ምንም ይሁን ምን አይበቃም።

በዚህ ዓይን የመጀመሪያዋን ልጅ እንያት። እግሯ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ዳሌ ከሌላው ዝቅ ስለሚልና የዚያኛው እግር መዳፍ ወደ ውጭ ሳይዞር ስለሚቀር ነው። በአንዱ እግር በውስጠኛው ጎንና በመርገጫው ውሃውን ትገፋለች፤ በሌላው ደግሞ በላይኛው የእግሯ ገጽ ትመታለች። ውድድር ቢሆን ያሰርዛታል። እዚህ ግን የተበላሸው የግፊቱ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው፤ ልጅቷ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ እጆቿን ዘርግታ የምትንሸራተት ከሆነ፣ ያ የተዛባ ምት ለጎን ዋና የሚያገለግለው የመቀስ ምት የቅርብ ዘመድ ነው። ጭንቅላት አውጥቶ መዋኘትም ዋጋ አለው፤ ጭንቅላት ሲነሳ ዳሌ ይወርዳል፣ ማጅራትና ወገብ ይደክማል፣ ሞገድ ባለበት ውሃም ፊትን ይመታል። ሆኖም በፈለገችው ሰዓት ትተነፍሳለች፣ የምትሄድበትንም ታያለች። ለመርዳት የሚዋኝ የነፍስ አድን ሠራተኛ ራሱ ተጎጂው ከዓይኑ እንዳይጠፋ ጭንቅላቱን አውጥቶ ይዋኛል። በደረት ዋና ጭንቅላቷን ባለማስገባቷ ብቻ ልጅን መጣል የውድድርን ልማድ ወደ ደኅንነት ፈተና መጎተት ነው የምለው ለዚህ ነው። የምጥላት አገጯ ሽቅብ እያየ፣ መንሸራተቷ ጠፍቶ፣ ምቱ ወደፊት ሳይሆን ወደ ላይ ብቻ እያነሳት ከሆነ ነው። እንደጻፉልኝ ግን የመጨረሻውን ዙር ከመጀመሪያው ባልተለየ አካሄድ ጨርሳ፣ ወጥታ ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ ነበር። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ስለ ሌሎቹ ስልቶች ብዙ ማለት አያስፈልግም። የጎን ዋና ዛሬ በውድድር ስለሌለ አንዳንድ ወጣት ፈታኞች እንደ ጉድለት ያዩታል፤ ፊቱ ሁልጊዜ ከውሃ ውጭ፣ መንሸራተቱም ረጅም ስለሆነ ለዚህ ፈተና ከሁሉም የተመቸው ስልት ነው ብል አላጋነንኩም። ትረጅን ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ካስተዋወቀው ከጆን ትረጅን ሲሆን፣ እጆቹ እንደ ክራውል ከውሃ በላይ እየተፈራረቁ እግሮቹ የመቀስ ምት ይመታሉ። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው፣ ብዙ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው በክራውል ወደ ጎን ሲተነፍሱ እግራቸው በራሱ እንደ መቀስ ስለሚከፈትና ፈታኙ «የተበላሸ ክራውል» ብሎ ስለሚጽፈው ነው። የተበላሸ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ስልት ነው። የቢራቢሮ ዋና ከባድ ስልት ነው፤ ርቀቱን በእሱ የጨረሰ ልጅ አቅሙ አያጠራጥርም፣ ነገር ግን ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በሌላው ስልት አንድ ዙር አሳየኝ ማለት ክርክሩን ይዘጋዋል።

የውሻ ዋናው ልጅ ከሦስቱ ከባዱ ነው፤ ልብ ይሰብራልና። እጆቹ ከውሃ ሳይወጡ ከደረቱ ስር ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳሉ፤ ወደፊት የሚመለሰው እጅ ውሃውን ወደ ማይፈለገው አቅጣጫ ስለሚገፋ የሌላውን እጅ ሥራ በከፊል ያፈርሳል። ጭንቅላቱ ሁልጊዜ ስለሚነሳ እግሮቹ ወርደዋል። ዋናው ጉድለት ግን መንሸራተት የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው፤ እጅና እግሩ ባቆመባት ቅጽበት መስጠም ይጀምራል፣ ስለዚህ የሚያርፍበት ሰዓት የለውም። ቀላል ሰውነት ያለው፣ ንቁ ልጅ ጸጥ ባለ ገንዳ ውስጥ ይህን ረጅም ጊዜ ሊቋቋመው ይችላል። ሲደክም ግን የሚለወጠው ፒያ ወደገለጸው አቋቋም ነው፤ የውሻ ዋና ቀድሞውንም ግማሽ መንገድ ወደዚያ ሄዷልና።

«እንዲያውም ከመጀመሪያዋ ይበልጥ ጠንካራ ነው» የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጉልበት ስልትን የሚተካው እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ፈተናው የሚጠይቀው ደግሞ ጉልበቱ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እጅ ከውሃ በላይ ስላልወጣ ብቻ አዋዋኑ የውሻ ዋና አይሆንም። ሰውነቱ አግድም ተኝቶ፣ ፊቱን እያስገባ አረፋ እያወጣ፣ እጁን ከውሃ በታች በረጅሙ ዘርግቶ እየሳበ የሚንሸራተት ልጅ አለ፤ ይህ ሌላ ነገር ነው፣ ወረቀቱ እጅ ከውሃ በላይ ይውጣ ካላለ በቀር እኔ እቀበለዋለሁ። ልዩነቱ የእጁ መንገድ ሳይሆን የሰውነቱ አኳኋን ነው። የእናንተ ልጅ እንደገለጹልኝ ከዚህኛው ወገን አይደለም። ይህን ልጅ በጀርባው ገልብጣችሁ ማሳረፍን፣ ቀጥሎም የጎን ዋናን ብታስተምሩት ፈጥኖ ያልፋል፤ ውሃ የማይፈራ ልጅ ግማሹን መንገድ ጨርሷልና።

ወደ ሦስተኛው ስንመጣ፣ ከሦስቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ክራውሉ የሚያምረው ጭንቅላቱ ስለማይንቀሳቀስ ነው፤ ጭንቅላቱ የማይንቀሳቀሰው ደግሞ ስለማይተነፍስ ነው። አስቡት፤ ልጁ የሚያውቀው በአንድ ትንፋሽ የሚዋኝ አጭር ሩጫ ነው፣ ርቀቱ ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ አጫጭር ሩጫዎችን ቀጣጥሎ ሸፈነው። እያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እጁ ወደ መለያው ገመድ ይሄዳል፣ እግሩ መሬት ይፈልጋል። ገመድ ወይም መሬት በሌለበት ቦታ ያች ማቆሚያ ምን ትሆናለች? ፍጥነት በዚህ ፈተና ውስጥ ነጥብ የለውም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ችግሩን የሚሸፍነው እሱ ነው። ትንፋሽ ይዞ ለመዋኘት ሲሉ አስቀድመው በብዛትና በፍጥነት የሚተነፍሱ ልጆች ደግሞ ሌላ አደጋ አለባቸው፤ በደማቸው ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ተንፍስ ተንፍስ የሚለው ስሜት ይዘገያል፣ ኦክስጅን አልቆ ሳይታወቃቸው ውሃ ውስጥ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ጠልቆ መዋኘት በፈተና የማይፈቀድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህን ልጅ ካረፈ በኋላ «ከሁሉም የመጨረሻ ሆነህ ድረስ» በሉት። ቀስ ብሎ በየሁለት ሦስት ቀዘፋው እየተነፈሰ ከሄደ ያልፋል፤ ቀስ ማለት ካቃተው ያላችሁትን አረጋግጣችኋል።

የጀርባው ክፍል በወረቀቱ ላይ መኖሩን ጠቅሰዋል፤ ሦስቱ ልጆች በእሱ ላይ እንዴት እንደሆኑ ግን ጥያቄዎ ውስጥ አንድም ቃል አለመኖሩ አስገርሞኛል። ብዙ ፈታኞች ልጁ ዋናውን ርቀት ስለጨረሰ ይህን እንደ ማሳረጊያ ቆጥረው ዓይናቸውን ወደ ቀጣዩ ተፈታኝ ያዞራሉ። ለእኔ የፈተናው እምብርት እሱ ነው። እዚህ የሚታየው ልጁ ከደከመ በኋላ፣ ጥልቅ ውሃ ላይ፣ ግድግዳ ሳይገፋና ገመድ ሳይዝ በራሱ ተገልብጦ ትንፋሹን መመለስ መቻሉ ነው። ከሁሉ የሚመረጠው ሁለቱ እጆች በጎን ተስበው ወጥተው፣ ተዘርግተው፣ ከዚያ በአንድነት ወደ ጭን የሚገፉበትና ዋናተኛው ረጅም የሚንሸራተትበት ቀላል የጀርባ ዋና ነው፤ ነገር ግን መዳፉን ከዳሌው አጠገብ እያወዛወዘ፣ እግሩን በለሆሳስ እያንቀሳቀሰ የሚሄድም ይበቃኛል። እጁን ከውሃ በላይ እያፈራረቀ የሚሄደው የጀርባ ዋና ዘና ብሎ ከተዋኘ ያሳርፋል፤ በውድድር ፍጥነት ከሆነ ግን ልጁ ያልተጠየቀውን እያሳየ፣ የተጠየቀውን እየደበቀ ነው። ማረፉን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፤ ከጎኑ እየሄዳችሁ አንድ ነገር ጠይቁት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ከመለሰ እያረፈ ነው። በአንዲት ቃል ከመለሰና ዓይኑ ግድግዳውን ከፈለገ አላረፈም።

ስለ አፈታተኑ ጥቂት ልጨምር። አንድ ፈታኝ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ይመለከታል፤ ከልጁ ጋር በገንዳው ጠርዝ እኩል ይራመዳል፣ ረጅም ዘንግም በእጁ ወይም በቅርቡ ይኖራል። ውሃውን የሚጠብቀው የነፍስ አድን ሠራተኛ ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ቀዘፋ የሚቆጥር ሰው ገንዳውን ሁሉ ሊጠብቅ አይችልም። ከጥልቁ በፊት ልጁን ወገቡ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ጥቂት አዋኙት፤ እዚያ የተቸገረ ልጅ ወደ ጥልቁ የሚዘልበት ምክንያት የለም። መግቢያውን በጥንቃቄ ተመልከቱት፤ ዘልሎ ጭንቅላቱ ከሰጠመ በኋላ ወጥቶ ዓይኑን ሳያሽ፣ ወደ ጠርዙ ሳይመለስ መዋኘት የጀመረ ልጅ ስለ መረጋጋቱ ብዙ ነግሯችኋል። የዋና መነፅር ያደረገ ልጅ ሲዘል እንዲያወልቀው የምጠይቀውም ለዚህ ነው፤ በድንገት ውሃ ውስጥ የሚወድቅ ሰው መነፅር አያደርግም። በሞቀ ገንዳ ያለፈ ልጅ በቀዝቃዛ ሐይቅ ውስጥ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ትንፋሹን ልትነጥቀው እንደምትችልም አትርሱ፤ ፈተናው ልጆቹ በሚዋኙበት ውሃ ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል።

አንድ እጅ ወይም አንድ እግር የሌላት፣ አለዚያም ግማሽ ጎኗ የማይታዘዛት ልጅ ብትመጣስ? የቅርጽ ዳኛ መልስ ያጥረዋል፤ ትንፋሽን፣ አኳኋንንና ዕረፍትን የሚያይ ፈታኝ ግን አይቸገርም። ሰውነቷ ተኝቶ፣ በፈለገችው ጊዜ እየተነፈሰች፣ በጀርባዋም እያረፈች ከሄደች ቀዘፋዋ የማንንም ባይመስል ችግር የለውም።

ሁለት ፈታኞች ሳትስማሙ ስትቀሩ ልጁ ዝቅ ባለው ደረጃ ይቆይና በሌላ ሰዓት ይደገም፤ ለልጁ የሚጎዳበት የጥቂት ሰዓት ቅሬታ ነው፣ በተቃራኒው በኩል ያለው ጉዳት ግን አይመለስም። ያላለፈውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት «ወድቀሃል» አትበሉት፤ ለብቻው ጠርታችሁ የጎደለውን አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፦ «አየር ስታወጣ አላየሁም»፣ «በጀርባህ ስትሄድ አላረፍክም»። በወረቀቱም ላይ ያንኑ ጻፉ፤ «ስልቱ ደካማ» የሚል ጽሑፍ ቀጥሎ ለሚፈትነው ሰው ምንም አይነግረውም።

በመጨረሻ ስለጠየቁት፣ ልጄ ባለፈው ዓመት አልፏል ብለው ወረቀት ይዘው ስለሚመጡት ወላጆች፦ ወረቀቱን በአክብሮት ተቀበሉና ልጁን እንደገና ፈትኑት። የስካውቶቹ ፈተናም በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ያልነካ ልጅ አቅሙ ይቀንሳል፣ በዚያው ዓመት ቁመቱና ክብደቱ የተለወጠ ልጅም ውሃ ላይ የሚተኛበት ሁኔታ ይለወጣል፤ በትክክል የሚዋኝ ከሆነ ደግሞ ፈተናው የሚወስድበት ጥቂት ደቂቃ ነው።